ከበሩ ውጭ ያቆምኋት እናት

በዚያ ጊዜ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት እኔን የማይፈራ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እኮራበት ነበር።

አስካል እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ላሊበላ ነው። በሥራዬ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የካህናት ካባ እጠልፋለሁ፣ ለእንግዶች የሚሸጥ ነጠላ አስጌጣለሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አላገባሁም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። በቅዳሴ ቀን በሴቶች በር እቆማለሁ። ነጠላዋን ያላጣፋች፣ ከንፈሯን የቀባች፣ ሱሪ ለብሳ የመጣች ሴት በእኔ በኩል አታልፍም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፌ አይዞርም። ሰው ቤት ገብቼ አልበላም፤ ድስቱን ቅቤ ነክቶት ይሆናል እላለሁ። ለእግዚአብሔር ቤት የምቀና ይመስለኝ ነበር።

ስንዱ የምትባል ልጅ ከመዘምራኑ መካከል ነበረች። ሃያ ዓመቷ ነው። ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ካለች መንደር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ የሚያሳዝን ነበር። አንድ ቀን ማርገዟ ታወቀ። ልጁ፣ የጽንሱ አባት ማለቴ ነው፣ ወሬው ሳይሰማ አገር ጥሎ ሄዷል። ጉዳዩ ወደ እኔ ክፍል መጣ። ለብቻዋ ጠርቼ ልመክራት እችል ነበር። ወደ ንስሐ አባቷ ልልካትም እችል ነበር። እኔ ግን ጉባኤው በሞላበት እሑድ ስሟን ጠርቼ አስነሣኋትና ውሳኔውን አነበብሁባት። የመዘምራን ልብሷንም እዚያው እንድታወልቅ አዘዝኋት። ስልሳ የሚሆን ሰው ያያል። አወለቀችው፣ አጣጠፈችው፣ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም። እኔም ከመዝገቤ ላይ ስሟን ሰረዝሁና ወደ ቀጣዩ ጉዳይ አለፍሁ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አላየኋትም።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ስዘጋጅ ነው የሰነበትሁት፤ በዚያ ሱባኤ ከጥሬና ከውሃ በቀር የቀመስሁት አልነበረም። እንደምታውቁት በፍልሰታ በሥራ ቀን ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር ወዲህ ነው። ያን ቀን ከጧት ጀምሮ አሸተን ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዋለ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ በበሩ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ከዳገቱ በጭቃው እየተንሸራተተች ወረደች። ደረቷ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ቀረብ ስትል ስንዱ ናት። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል።

«እህት አስካል፣ እንደምን ዋልሽ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈለግሽ?»

«ልጄ ታማብኛለች። ከትናንት ጀምሮ ጡት አልይዝ ብላለች፤ ትንፋሿም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወደ ሐኪም ቤት እየወሰድኋት ነው። መንገድ ላይ ሳትጠመቅ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። እባክሽ ለአንድ ካህን ንገሪልኝና ክርስትና ያንሷት። ከዚያ ወዲያው እሄዳለሁ።»

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሣው።»

«አውቃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለታመመ ሕፃን ግን ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ይቻላል። እኔም አውቀዋለሁ። ሕፃን ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ሲይዘው አርባና ሰማንያ ቀን እንደማይጠበቅ ለሰንበት ተማሪዎች ራሴ አስተምሬዋለሁ። የተናገረችው እውነት ነበር። ግን እሷ ስለተናገረችው ደሜ ፈላ። «ይህች ደግሞ ለእኔ ሥርዓት ልታስተምረኝ!» አልሁ በልቤ።

«አባቷ ማን ተብሎ ነው መዝገብ ላይ የሚጻፈው?» አልኋት።

አንገቷን ደፋች። መልሱን አውቀው ነበር፤ የጠየቅኋት አንገቷን እንድትደፋ ነው።

«ካህናቱ ቅዳሴ ላይ ናቸው። ሲያልቅ እነግርልሻለሁ፤ ጠብቂ» አልኋት።

«መምሬ ዋሴስ የሉም?»

መምሬ ዋሴ የአጥቢያችን ሽማግሌ ካህን ናቸው፤ የእኔም የንስሐ አባት። እግራቸው ስለደከመ ያን ቀን አልቀደሱም። ከበሩ ሃምሳ እርምጃ በማትሞላው ዕቃ ቤት ተቀምጠው ሰው ያናዝዛሉ።

«አሉ፤ ሥራ ላይ ናቸው» አልኋት።

ዝናቡ ጀመረ። ስንዱ ልጇን በክንዷ ሸፍና ወደ ደጀ ሰላሙ ጣራ ጠጋ አለች።

«እዚህ ልጠለል?» አለችኝ።

«አራስ ነሽ። ደጀ ሰላሙም ከቅጽሩ ይቆጠራል። እዚያ ወይራው ሥር ቁሚ።»

ሄዳ ወይራው ሥር ቆመች። ትንሽ ዛፍ ነው፤ ዝናብ አያስጥልም።

እኔ ወደ ቦታዬ ተመለስሁና ቅዳሴዬን ቀጠልሁ። በአፌ ተሰጥኦውን እመልሳለሁ፤ ጆሮዬ ግን ውጭ ነበር። የሕፃኗ ሳል ይሰማኛል። ቀጭን ነው፣ የድመት ግልገል ይመስላል። ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አየኋት፤ በቆመችበት አለች፣ ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታ ልጇ ላይ ተደፍታለች። ሃምሳ እርምጃ ሄጄ ለመምሬ ዋሴ ብነግራቸው ምንም አይፈጅብኝም ነበር። ለምን አልሄድሁም? እውነቱን ልንገራችሁ። ትንሽ ትቅመሰው ብዬ ነው። እኛ በጾምና በስግደት የደከምንበትን ደጅ እሷ እንዲህ በቀላሉ ልታገኘው አይገባም ብዬ ነው። ይህን ሐሳብ ያን ጊዜ በዚህ ቃል አላሰብሁትም፤ ስሙን ሥርዓት ብዬው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሳሉ ቆመ። «ተኛች» አልሁ ለራሴ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። እግዚኦታ ሊደረስ ሲል መምሬ ዋሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዕቃ ቤቱ ወጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊያቀኑ ሲሉ ዓይናቸው በበሩ በኩል ወይራው ሥር ዐረፈ። ቆሙ። አቅጣጫቸውን ቀይረው ወደ በሩ መጡ፤ በዚያ እግራቸው እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም። ከኋላቸው ተከተልሁ።

«ማነሽ ልጄ? ስንዱ አይደለሽም እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?»

ስንዱ ነገረቻቸው። ጋቢውን ገለጥ አድርገው የሕፃኗን ፊት አዩ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሽ አላት፤ ግን አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። መምሬ ዋሴ ቀና አሉ።

«እዚህ ከቆምሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?»

ምን እንደምትል ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ቆማለች። ማን እንዳቆማት ታውቃለች። አጠገቧ ቆሜአለሁ።

ስንዱ አላየችኝም። ዓይኗን ከልጇ ሳታነሣ፣

«አሁን መድረሴ ነው መምሬ» አለች። «እህት አስካል ልትነግርዎ ስትል ነው የመጡት።»

ውሃ ከነጠላዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። የቆመችበት ጭቃ በእግሯ ልክ ጎድጉዷል። መምሬ ዋሴ ነጠላዋን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ብዙ አላዩኝም። ምንም ሳይሉኝ ወደ እሷ ተመለሱ።

«ክርስትና እናት አለቻት?»

«የለችም አባቴ። አክስቴ አልጋ ይዛለች። ሌላ ሰው የለኝም።»

«የጾመች፣ ቆራቢ የሆነች ሴት ያስፈልገናል» አሉ። «አስካል፣ ተቀበያት።»

እጄን ዘረጋሁ። ስንዱ ልጇን ሰጠችኝ፤ አንገቷን ደግፋ፣ ጋቢውን አስተካክላ፣ እንደሚታመን ሰው ሰጠችኝ። እናቲቱ አራስ ስለሆነች ከበሩ ውጭ ቀረች። መምሬ ዋሴ ግን በሩ ላይ የነበሩትን ሴቶች ጠርተው፣ «ደጀ ሰላሙ ሥር አስገቧት፤ ደረቅ ጋቢ ደርቡላት» አሉ። እንዲያ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈጀው።

ክርስትና ቤት ገባን። «ውሃውን አሙቁልኝ፤ ለታመመ ሕፃን በእፍኝ ማፍሰስ ይበቃል» አሉ ዲያቆኑን። ጸሎቱን ሲጀምሩ ሕፃኗ በክንዴ ላይ ነበረች። ክብደት የላትም። ሕፃን ታቅፌ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ልቧ በእጄ መዳፍ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። ቆም ባለ ቁጥር የእኔም ይቆማል።

ክርስትና እናት ስለ ልጇ ሆና ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ሰይጣንን ትክዳለች። ሥርዓቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። መምሬ ዋሴ «በይ» ሲሉኝ ግን ድምፅ አጣሁ። አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰይጣንን በሌሎች ሰዎች ቀሚስና ከንፈር ላይ ስፈልገው ኖሬ፣ ያን ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ የት እንደነበረ አየሁት። መምሬ ዋሴ ጠበቁኝ። አልተቆጡም፤ አላጣደፉኝም።

«በይ ልጄ» አሉኝ ደግመው፣ ቀስ ብለው።

አልሁት። እያለቀስሁ አልሁት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞርሁና ሃይማኖቴን መሰከርሁ። ሞቅ ያለውን ውሃ ሦስት ጊዜ በራሷ ላይ አፈሰሱ። ሦስተኛው ላይ ሕፃኗ ጮኸች። ደካማ ጩኸት ናት፤ እኔ ግን እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሜሮን ቀቧት፣ ማተብ አሰሩላት። ስሟ ወለተ ኪዳን ተባለች።

ለቁርባን ደረስን። ይዣት ቀረብሁና ከደሙ ጠብታ ቀመሰች። ቀጥሎ ተራዬ ነበር። ስንት ቀን የጾምሁለት፣ የሰገድሁለት ቀን ነው። ወደ ኋላ ተመለስሁ። የሚያቀብሉት ካህን ተገርመው አዩኝ። ወንድሙ የተቀየመበት መባውን ትቶ መጀመሪያ ይታረቅ የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ያን ቀን ገና ማንበብ ጀመርሁ።

ወጥቼ ልጇን አስታቀፍኋት። «ወለተ ኪዳን» አልኋት። ስንዱ ስሙን ለራሷ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ባጃጅ አገኘንና ወደ ሐኪም ቤት በረርን። ነርሷ ሕፃኗን አይታ ወዲያው ኦክስጅን አደረገችላት። «የሳንባ ምች ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ተቆጣች። «ይህን ያህል እስክትደክም ምን ስትጠብቁ ነበር? ቢያንስ ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት ለምን አላመጣችኋትም?»

ስንዱ አሁንም ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ። ያን ዝምታዬን ከሁሉም በላይ አፍርበታለሁ።

ሕፃኗ ሁለት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሆነች። ቤቴ አልሄድሁም፤ ከአልጋው ሥር ካለው ወለል ላይ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ቀን ጧት ጡት ያዘች። ስንዱ ስታጠባት እያየሁ ከእንግዲህ መቻል አቃተኝ።

«ስንዱ፣ ለምን ዋሸሽልኝ?» አልኋት።

«መቼ?»

«መምሬ ሲጠይቁሽ። አሁን መድረሴ ነው አልሽ።»

የልጇን ጉንጭ በጣቷ ነካች።

«ብናገር ኖሮ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር» አለች። «ሴቶቹ በሩ ላይ ነበሩ። በሰው ፊት መዋረድ እንዴት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። በአንቺ ላይ እንዲሆን አልፈለግሁም።»

ቂም አልነበረበትም አነጋገሯ፤ ልታሸማቅቀኝም ፈልጋ አይደለም። ያየችውን ነው የነገረችኝ። ተንበርክኬ እግሯን ልስም ስል እግሯን ሰበሰበች። «ተዪ እህት አስካል፣ ልጅቷን ትቀሰቅሻታለሽ» አለችኝ።

«ይቅር በይኝ።»

«ብዙ አልቅሼብሻለሁ» አለች። «ይቅር ብያለሁ ብል ዛሬ እውነት አይሆንም። ግን ቂሙ እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ። እግዚአብሔር እሱን ይቁጠርልኝ።»

ሕፃኗ ድና ከወጣች በኋላ ወደ መምሬ ዋሴ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የመዘምራን ልብሱን፣ ወይራውን፣ ሳሉ ሲቆም ያልሁትን። ጨርሼ፣

«ከባድ ቀኖና ይስጡኝ አባቴ። ስግደቱ ሦስት መቶም አምስት መቶም ይሁን። ጾሙንም ይጨምሩብኝ» አልኋቸው።

«ነጠላዋ ሲንጠባጠብ ያን ዕለት አይቻለሁ» አሉኝ። «ጥፋትሽን ራስሽ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁ። አንቺ ስግደት መች አነሰሽ? ብጨምርልሽ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ፤ ስትጨርሺም ከፈልሁ ትያለሽ። ይህን አትከፍዪውም ልጄ። ጾሙ ሲፈታ ስንዱ ቤት ሂጂ። ያቀረበችልሽን ብዪ። ቀኖናሽ እሱ ነው።»

«እሱ ብቻ?»

«እስቲ ሞክሪው» አሉኝ።

አምስት መቶ ስግደት ይቀለኝ ነበር። ዳገቱን ስወጣ ሦስት ጊዜ ለመመለስ አስቤአለሁ። ለሰው መስጠት አውቃለሁ፤ ከሰው መቀበል ግን፣ ያውም ከበደልሁት ሰው፣ አላውቅበትም ነበር። ያመጣሁትን ስኳርና ሳሙና አስቀድሜ ላቀብላት ብዬ እጄን ስዘረጋ ስንዱ ወደ ጥግ አደረገችውና፣ «መጀመሪያ ተቀመጪ» አለችኝ። የተቀቀለ ድንችና በርበሬ አቀረበች። ቤቱ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ወለተ ኪዳን አክስትየዋ ጭን ላይ ተኝታለች። ስንዱ አንዱን ድንች ልጣ በእጇ ሰጠችኝ። እንደምንም ዋጥሁት።

«ጨው አነሰው?» አለችኝ።

«አላነሰውም» አልኋት። ሁለተኛውን ስትልጥልኝ ተቀበልኋት።

በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ የሠራሁትን ተናገርሁ፤ ኃላፊነቱንም ለቀቅሁ። ሁሉም ደስ አላለውም። አንድ ወንድም ተነሥቶ፣ «እንዲህ ከሆነ ሥርዓት ሊፈርስ ነው» አለ። ሥጋቱ ይገባኛል፤ እኔም ብሆን ያን ጊዜ እንደዚያ እል ነበር። ስንዱ ወደ መዘምራን እንድትመለስ ለመንናት፤ እምቢ አለች። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ይህን የሰበርሁትን አላስተካከልሁትም።

አንባቢዎቼ፣ ሥርዓቱን ተዉ እያልኋችሁ አይደለም። ዛሬም እጾማለሁ፤ ዛሬም ነጠላዬን አጣፋለሁ። ሥርዓቱማ ለዚያች ሕፃን መንገድ አዘጋጅቶላት ነበር፤ ለታመመ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ለአራስ እናት የምትቀበልላት ክርስትና እናት፣ ሁሉ ነበረው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የዘጋሁበትንም ነገር ሕግ ብዬ ጠራሁት። በጾሜ ለእግዚአብሔር የምከፍለው ይመስለኝ ስለነበር ያልከፈለ ሰው ሲገባ ማየት አልቻልሁም። እኔም በነጻ እንደገባሁ ያሳየችኝ ያቺ ስሟን ከመዝገብ የሰረዝኋት ልጅ ናት። ስብከት አልሰበከችልኝም። በአንዲት ቃል ሸፈነችኝ። ምናልባት እናንተም ከበሩ ውጭ ያቆማችሁት ሰው ይኖር ይሆናል። ዝናብ እየመታው ከሆነ ቅዳሴው እስኪያልቅ አትጠብቁ።

ወለተ ኪዳን አራት ዓመቷ ነው። ቤቴ ስትመጣ የመርፌ ሳጥኔን ትገለብጣለች፣ ክሬን ታወሳስባለች። ባለፈው ሳምንት የአንድ ቄስ ካባ በጭቃ እጇ ያዘችብኝ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝና እየሳቀች ክንዷን ዘረጋችልኝ። አነሣኋት። ካባውን በማግስቱ አጠብሁት።